ለውሃ ቦታ ሳይተዉ ካያክ መጫን

ብዙ ቀዛፊዎች ዕቃ መጫንንና መንሳፈፍን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አድርገው ይመለከቷቸዋል። የመጀመሪያውን የካምፕ ዝግጅት፣ ሁለተኛውን ደግሞ የአደጋ ጊዜ ጉዳይ ያደርጉታል። በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብና ረጅም ጀልባ፣ ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። በጀልባው ሆድ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሊትር ባዶ ቦታ ያዥ ይፈልጋል። ወይ በደንብ የታሸገ ዕቃ ይይዘዋል፣ ወይ በከረጢት የታሰረ አየር ይይዘዋል፤ ሁለቱም ከሌሉ አንድ ቀን ውሃ ይይዘዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የባሕር ውሃ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። የኋላ ጭነት ክፍሉ 80 ሊትር የሚይዝ ካያክ አለ እንበል። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ማዕበል ክዳኑን ቢነቅለው 80 ኪሎ ግራም ውሃ ይገባበታል። ጭራው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል፤ ከባሕር ዳርቻ ርቆ ይህን ጀልባ ብቻውን አስተካክሎ የሚቀጥል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በዚያው ክፍል ውስጥ 60 ሊትር ቦታ የያዙ የታሸጉ ቦርሳዎች ቢኖሩ ግን የሚገባው ውሃ ከ20 ሊትር አያልፍም። ጀልባው ይከብዳል፣ ይንገዳገዳል፤ ሆኖም ይቀዘፋል።

ሌላም ነገር አለ። 10 ሊትር ቦታ የሚይዝና 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን የታሸገ ቦርሳ ውሃ ውስጥ ሲገባ 6 ኪሎ ግራም ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ጭነት የጀልባው ጠላት አይደለም። በትክክል ከታሸገና ከቦታው እንዳይወጣ ከተደረገ ራሱ ተንሳፋፊ አካል ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ጀልባዎን ይወቁ

የረጅም ጉዞ ካያክ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሜትር ተኩል ይረዝማል። የተለመደው አሠራር ከመቀመጫው ፊትና ኋላ ውሃ የማያሳልፉ ሁለት ግድግዳዎች አሉት። እነዚህ ግድግዳዎች የፊትና የኋላ የጭነት ክፍሎችን ከመቀመጫ ክፍሉ ይለያሉ። አንዳንዱ ጀልባ ከመቀመጫው ጀርባ ሦስተኛ ግድግዳ ይጨመርለትና ትንሽ የዕለት ክፍል ይኖረዋል፤ ይህ በቅዘፋ መሃል እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚከፈት ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከኋላ ብቻ ግድግዳ ያለው ካያክ ነው። ርካሽ ስለሆነና ለአጭር መዝናኛ ስለሚበቃ በብዛት ይሸጣል። ሲገለበጥ ግን ፊቱ በሙሉ በውሃ ይሞላል፤ ኋላው አየር ስለያዘ ጀልባው በአፍንጫው ቆሞ ይቀራል። እንዲህ የቆመ ጀልባ ላይ መልሶ መውጣት አይቻልም። እንዲህ ያለ ካያክ ካለዎት በእግርዎ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላ የአየር ከረጢት ሳያስገቡ ከዳርቻ አይራቁ። ተጣጣፊ ካያኮችና በእንጨት አጽም ላይ ሸራ የተወጠረባቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግድግዳ የላቸውም፤ ለእነሱ የአየር ከረጢት ከመቅዘፊያ እኩል አስፈላጊ ነው።

ስለ ጀልባው ቁስም አንድ ቃል። የፕላስቲክ ካያክ በብዛት የሚሠራው ፖሊኢትሊን ከተባለው ቁስ ነው። ይህ ቁስ ከውሃ ጥቂት ስለሚቀል ቢሞላም ጨርሶ ወደ ታች አይወርድም። ፋይበርግላስ ግን ከውሃ ይከብዳል፤ አየር ካልያዘ ይሰምጣል። «የኔ ፕላስቲክ ስለሆነ አይሰምጥም» የሚለው መጽናኛ እምብዛም አይጠቅምም። ከውሃው ወለል ጋር እኩል ሆኖ የሚዋልል ጀልባ አልሰመጠም ይባል እንጂ ሊቀመጡበትም ሊቀዝፉትም አይቻልም። ትክክለኛው መለኪያ ሌላ ነው፦ የመቀመጫ ክፍሉ በውሃ ተሞልቶ እርስዎ ውስጡ ሲቀመጡ የክፍሉ ጠርዝ ከውሃው በላይ መቅረት አለበት። ጠርዙ ከውሃው በታች ከዋለ ፓምፕ ዋጋ የለውም፤ ያወጡት ውሃ በዚያው ይመለሳል።

ግድግዳውንና ክዳኑን መፈተሽ

ይህ ጉዞው ሊነሣ ሲል የሚሠራ ሥራ አይደለም። ቀዳዳ የሚደፈንበት ማሸጊያ ለመድረቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይጀምሩ።

ግድግዳውን ለመፈተሽ ጀልባውን በሁለት ለስላሳ መደገፊያዎች ላይ ያስቀምጡ። ወደ አንዱ የጭነት ክፍል ከ5 እስከ 10 ሊትር ውሃ ይጨምሩና ውሃው ወደ ግድግዳው እንዲተኛ ጫፉን በቀስታ ከፍ ያድርጉ። በግድግዳው ማዶ፣ በመቀመጫ ክፍሉ በኩል፣ የደረቀ የጋዜጣ ወረቀት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያንጥፉ። አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ወረቀቱ የረጠበበት ቦታ ቀዳዳው የት እንዳለ በትክክል ይነግርዎታል፤ ዐይን የማያየውን ነጥብ ወረቀት ያያል። ሌላውንም ክፍል እንዲሁ ያድርጉ።

ለክዳኖቹ ደግሞ ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ይዝጉና በጠርዙ ዙሪያ ለጥቂት ደቂቃ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስሱ። ከዚያ ከፍተው ወረቀቱን ይመልከቱ። ክዳን ውሃ እንዲያስገባ የሚያደርገው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፦ በጠርዙ ጎድጓዳ የተቀመጠ አሸዋ፣ የተጣመመ ጠርዝ፣ ወይም በፀሐይ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ላስቲክ። የተሰነጠቀ ላስቲክ ክዳን አይጠገንም፤ ይለወጣል። ክዳኑን ከጀልባው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ገመድ ከሌለው ዛሬውኑ ይሠሩለት። የተነቀለ ክዳን ገመድ ካለው በእጅ ይመለሳል፤ ከሌለው ግን ማዕበሉ ይዞት ይሄዳል።

ማሸጊያ ሲገዙ ጀልባዎ ከምን እንደተሠራ ይናገሩ። ሲሊኮን ከፖሊኢትሊን ጋር አይያያዝም። ለጊዜው የተጣበቀ ይመስላል፤ ጀልባው መኪና ላይ ሲታሰርና ሲጣመም ግን ይላቀቃል። የፋይበርግላስ ጀልባ ይበልጥ ይቅር ባይ ነው፤ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ፣ አጽድቶና አድርቆ ማሸግ ይበቃል።

በግድግዳው ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበች ቀዳዳ ብታገኙ ግን ለመድፈን አይቸኩሉ። ሆን ተብላ የተበሳች ልትሆን ትችላለች። ጀልባው በፀሐይ ሲሞቅ በክፍሉ ውስጥ የታፈነው አየር ይሰፋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲወርድ ይኮማተራል። መተንፈሻ ከሌለ ይህ ግፊት ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋዋል ወይም ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ሲብስም የግድግዳውን መገጣጠሚያ ያላቅቃል። በዚያች ቀዳዳ የምታልፈው ውሃ ከጠብታ አትበልጥም።

የአየር ከረጢትና ፎም

አየርን ከጀልባ ጋር ማሰር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ካያክን ለዓለም ያበረከቱት የአርክቲክ ኢኑይት አዳኞች የባሕር እንስሳ ቆዳ በአየር ነፍተው ከበስተኋላቸው በጀልባው ጀርባ፣ ማለትም በላይኛው ሽፋኑ፣ ላይ ይይዙ ነበር። ዋና ሥራው ከጦሩ ገመድ ጋር ታስሮ የተወጋው እንስሳ እንዳይሰምጥ ማድረግ ነበር። የዛሬዎቹ ከረጢቶች ከቪኒል ወይም በፕላስቲክ ከተለበጠ ናይሎን ይሠራሉ። ቪኒሉ ርካሽ ነው፤ በብርድ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለረጅም ጉዞ ናይሎኑ ይሻላል።

ከረጢት ሲመርጡ የጀልባዎን ጫፍ ቅርጽ የተከተለ፣ ወደ አንድ በኩል የሚሾጥጥ ይሁን። ቱቦው ረጅም መሆን አለበት፤ ከረጢቱን ከጫፉ አስገብተው መንፋት የሚችሉት በመክፈቻው ላይ ጎንበስ ብለው ነውና። ከመግዛት በኋላ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ማታ ነፍተው በቤት ውስጥ ያስቀምጡት፤ ጠዋት ከለሰለሰ ይመልሱት።

ሲነፉ እስኪወጠር ድረስ አይንፉ። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ የተነፋ አየር ጀልባው ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ 45 ዲግሪ ሲደርስ ከ10 በመቶ ጥቂት በላይ ይሰፋል። ይህ ለተወጠረ ከረጢት ስፌቱን ለመክፈት በቂ ነው። ካያኩን በመኪና ጭነው ተራራ የሚያቋርጡ ከሆነም ያስተንፍሱት፤ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ሲወጡ የአየሩ ግፊት ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ከረጢቱም በዚያው መጠን ማበጥ ይፈልጋል። በተቃራኒው ጀልባው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ከወረደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከረጢቱ ስለሚለሰልስ፣ የሚቻል ከሆነ ጥቂት ትንፋሽ ይጨምሩለት።

ከረጢቱን ማሰርዎን አይርሱ። ግድግዳና ክዳን በሌለው ጀልባ ውስጥ የተነፋ ከረጢት ጀልባው ሲገለበጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ተንሳፋፊነትዎም ከእሱ ጋር ይሄዳል። በጀልባው ውስጥ ማሰሪያ ቀለበት ከሌለ በመቀመጫው መያዣ ወይም በእግር መርገጫው ሐዲድ ላይ ያስሩት።

ፎምን በሚመለከት የሚያገለግለው ውሃ የማይመጥ፣ ጉድጓዶቹ እርስ በርስ የተዘጉ ጠንካራ ፎም ብቻ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ከተጠራጠሩ ቁራጩን መዝነው ድንጋይ ጭነውበት ሌሊቱን ባልዲ ውስጥ ያሳድሩት፤ ጠዋት ጠርገው ዳግመኛ ይመዝኑ። ክብደቱ ከጨመረ ለጀልባ አይሆንም። በብዙ የፕላስቲክ ካያኮች ፊት ላይ በእግሮች መካከል የቆመ የፎም ምሰሶ አለ። ቦታ ይያዝብኛል ብለው የሚያወጡት አሉ፤ ምሰሶው ግን የጀልባውን ጀርባ እግርዎ ላይ እንዳይወድቅ ደግፎ የያዘም ነው። በቦታው ይተዉት።

ብዙ ሰው የማይሠራውና እኔ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር፦ ግድግዳ ያለው ጀልባ ቢኖርዎትም በጭነት ክፍሎቹ ውስጥ የአየር ከረጢት ያስገቡ። ግድግዳ ይላቀቃል፣ ክዳን ይነቀላል፣ ታንኳው ከዐለት ጋር ተጋጭቶ ይሰነጠቃል። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ልቅ አየር ውሃ እንዳይገባ አይከለክልም፤ በከረጢት የታሰረው አየር ግን ቦታውን አይለቅም።

ዕቃውን መለየትና ማሸግ

ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግተው በሦስት ክምር ይለዩት፦ ውሃ ላይ ሳሉ የሚፈልጉት፣ ወዲያው እንደወረዱ የሚፈልጉት፣ ማታ ብቻ የሚፈልጉት። ከዚያ ይመዝኑት። አምራቹ የሚጽፈው ከፍተኛ የጭነት ልክ የእርስዎን የሰውነት ክብደት ይጨምራል፤ ይህን ሳያስተውል ልኩን የሚያልፍ ሰው ጥቂት አይደለም። 5 ሜትር ርዝመትና 55 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካያክ በግምት በየ15 ኪሎ ግራሙ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውሃው ይገባል። 45 ኪሎ ግራም ጫኑ ማለት ጠርዝዎን በሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ማዕበሉ አስጠጉ ማለት ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር በረጋ ውሃ ላይ ምንም አይደለም፤ ንፋስ ሲነሣ ግን ይቆጠራል።

ዋናው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የመጠጥ ውሃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ቢታሰብ የሦስት ቀን ጉዞ 12 ኪሎ ግራም ይሆናል። በአንድ ትልቅ ጀሪካን ከመያዝ ይልቅ በሁለትና በአራት ሊትር ተጣጣፊ የውሃ ከረጢቶች ይከፋፍሉት። ሲጠጣ እየተጨማደደ ቦታ ይለቃል፤ አንዱ ቢቀደድም ሌላው ይተርፋል።

ቦርሳዎቹ ትንንሽና ቀጫጭን ይሁኑ። አንድ ባለ 40 ሊትር ቦርሳ በመክፈቻው አያልፍም፤ ቢያልፍም በዙሪያው ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተት ደግሞ የውሃ ቦታ ነው። ከ5 እስከ 15 ሊትር የሚይዙ ብዙ ቦርሳዎች ከጀልባው ጎን ጋር ተጣብቀው ይሞላሉ። ላያቸው የሚያንሸራትት ጨርቅ የሆኑት ወደ ጠባቡ ጫፍ በቀላሉ ይገባሉ። የጎማ ጠባይ ያላቸው ወፍራሞቹ ግን ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቁና ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ።

ሲያሽጉ አፉን አጽድተው፣ አየሩን በጉልበት ተጭነው አስወጥተው፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጠቅልሉት። አየሩ ይውጣ ስል ተንሳፋፊነትን የምቀንስ ይመስላል። ነገር ግን በቦርሳው ውስጥ ያልተገራ አየር ቦርሳውን አብጦ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል፤ የወጣው አየር ቦታው በመጨረሻ በሚነፋው ከረጢት ይተካል። እየተጠቀለለ የሚዘጋ ቦርሳ ከረጭታ ያድናል እንጂ ለረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ መኝታና የመለወጫ ልብስ በሁለት ድርብ ይታሸግ፤ ውስጠኛው ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ቢሆንም ይበቃል። ሌላው ሁሉ ቢረጥብ ሌሊቱ ይታለፋል፤ እነዚህ ሁለቱ ከረጠቡ ግን በብርዱ ከባድ ነው።

ነዳጅ ከምግብ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ። ሌላ ምርጫ ከሌለ ነዳጁን ለብቻው አሽገው ከምግቡ በታች ያድርጉት።

አጫጫን

ጀልባውን ባዶውን ተሸክመው ውሃው ዳር ያድርሱት፤ የሚጫነው እዚያ ነው። የተጫነ ካያክን ሁለት ሰው በጫፎቹ ይዞ ሲያነሣው ክብደቱ ሁሉ መሃሉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ፋይበርግላስ በዚህ ይሰነጠቃል። ውሃው በማዕበል ወደ ዳርቻ የሚወጣ ከሆነ ጀልባውን በገመድ ያስሩት። አሁን በቅደም ተከተል፦

1. የክፍሎቹን ውስጥ ከአሸዋና ከእርጥበት ይጥረጉ። በተለይ አቅጣጫ መጠበቂያ ክንፍ ከታች የሚወጣላቸው ጀልባዎች ላይ በኋላ ክፍል ውስጥ የክንፉ ሳጥን አለ፤ ገመዱን ዕቃ እንዳይጫነው ይመልከቱ።

2. ባዶውን የአየር ከረጢት ወደ አፍንጫውና ወደ ጭራው ጫፍ ይግፉት፤ የሚነፋበት ቱቦ ወደ መክፈቻው ይመለስ።

3. ቀጥሎ ረጃጅምና ቀላል ዕቃዎች ወደ ጫፎቹ ይገባሉ፦ የድንኳን ምሰሶ፣ የድንኳኑ ጨርቅ፣ መኝታ። ድንኳኑን በአንድ ላይ ማስገባት ግዴታ የለም፤ ምሰሶውን ከጨርቁ ቢለዩት ቦታ ይቆጥባል። እጅ ወደማይደርስበት የሚገቡ ቦርሳዎች ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ገመድ ያስሩ፤ ማታ ሲስቡት ያመሰግናሉ። የድንኳን ካስማ በጨርቅ ይጠቅለል፤ የአየር ከረጢትን የሚበሳ ነገር ሁሉ ከሱ ይራቅ።

4. ከባዱ ነገር፣ ማለትም ውሃ፣ የታሸገ ምግብ፣ ምድጃና ነዳጅ፣ ወደ መቀመጫው ግድግዳዎች ተጠግቶ፣ ከታች፣ በጀልባው መሃል መስመር ላይ ይቀመጥ።

5. በከባዱ ላይና በጎኑ ቀለል ያሉ ትንንሽ ቦርሳዎችን ይወሽቁ። ባዶ ድስት ካለ ውስጡ ይሞላ። ቦርሳ ሳይኖረው በየክፍተቱ የሚወሸቅ ነገር ግን አይኑር፤ ክዳን ቢነቀል መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

6. ሁሉም ከገባ በኋላ የአየር ከረጢቱን ይንፉ። ዕቃውን ይጫነዋል፣ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል፣ የቀረውንም ክፍተት ይይዛል። እጅዎን አስገብተው ቦርሳዎቹን ይነቅንቁ፤ ከተንቀሳቀሱ ገና አልጨረሱም።

7. የክዳኑን ጠርዝ በጣት እያሹ አሸዋውን ያስወግዱ፣ ይዝጉ፣ ዙሪያውን ሁሉ በመዳፍ ይጫኑ።

የዕለት ክፍል ካለ ምሳ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ የጥገና ዕቃ፣ በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪና አንድ ሙቅ ልብስ የሚገቡት እዚያ ነው።

ሚዛን

አብዛኛው ሰው «መሪው አይታዘዝም» ብሎ የሚያማርረው ጀልባ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ጭነቱ ስላልተመዛዘነ ነው። ካያክ ወደ ፊት ሲሄድ አፍንጫው ውሃውን እየሰነጠቀ ስለሆነ ተይዞ ይቆያል፤ ጭራው ግን ላላ ያለ ነው። የጎን ንፋስ ሲመጣ ጭራውን ይገፋዋል፣ አፍንጫውም ወደ ንፋሱ ይዞራል። ፊቱ ከከበደ ይህ ጠባይ ይብሳል፤ ቀኑን ሙሉ በአንድ በኩል ሲቀዝፉ ይውላሉ። ኋላው ከልክ በላይ ከከበደ ደግሞ አፍንጫው ከውሃው ይነሣና ንፋሱ ወደፈለገበት ይወስደዋል፤ ወደ ንፋሱ መመለስ ሲያስፈልግዎት እምቢ ይላል። ከሁለቱ በአንዱ መሳሳት ግድ ከሆነ ኋላው በጥቂቱ ይክበድ። ደረጃው ግን «በጥቂቱ» ነው።

ርቀት ከክብደት እኩል እንደሚቆጠር ያስታውሱ። ከመቀመጫው ሁለት ሜትር ርቆ የተቀመጠ 5 ኪሎ ግራም፣ አንድ ሜትር ርቆ የተቀመጠ 10 ኪሎ ግራም ያህል ጀልባውን ያዘነብላል። በጫፎቹ የተከማቸ ክብደት ሌላም ጉዳት አለው፦ አፍንጫው በማዕበሉ ላይ ቶሎ ከመነሣት ይልቅ ሰንጥቆት ይገባል፣ ውሃውም ደረትዎ ላይ ይመጣል። ሁለቱ ጫፎች ለቀላል ነገር ብቻ የተባለው ለዚህ ነው።

ሚዛኑን ለማወቅ የሚከተለው ዘዴ ከግምት ያድናል። ከጉዞው በፊት ባዶው ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው በረጋ ውሃ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ውሃው የደረሰበትን መስመር በአፍንጫውና በጭራው ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርግበት። ዕቃው ከተጫነ በኋላ እንደገና ይቀመጡና ምልክቶቹ ምን ያህል እንደሰመጡ ያወዳድሩ። እኩል ወይም በኋላ ትንሽ ጠለቅ ካለ ተሳክቷል። ወደ ጎን ያዘነበለ እንደሆነ አንድ የውሃ ከረጢት ወደ ሌላው ጎን ማሻገር ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከላይና ከእግር ሥር

በጀልባው ጀርባ ላይ በላስቲክ ገመድ ሥር የሚታሰር ነገር ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው፦ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ትርፍ መቅዘፊያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ለመውጣት የሚረዳው በመቅዘፊያ ጫፍ ላይ የሚገባ የአየር ትራስ። ከዚያ ያለፈ ሁሉ የንፋስ ሸራ ይሆናል፣ የስበት ማዕከሉን ከፍ ያደርጋል፣ ሰው ከውሃ ተመልሶ ሲወጣ ደረቱን ይይዘዋል። ውስጥ ስላልገባ ብቻ ከላይ የታሰረ ቦርሳ ካለ፣ ችግሩ የጀልባው መጥበብ ሳይሆን የዕቃው መብዛት ነው፤ አንድ ነገር ቤት ይቅር።

የመቀመጫ ክፍሉ ውስጥ ልቅ ነገር አይቀመጥ። ጫማም ቢሆን፣ ጠርሙስም ቢሆን። ጀልባው ተገልብጦ እግርዎን ለማውጣት በሚታገሉበት ሰዓት እዚያ የሚንሳፈፍ ማሰሪያ ሊይዝዎት ይችላል። ከእግር መርገጫው ወዲያ ያለውን ባዶ ቦታ ግን በታሰረ ፎም ወይም ትንሽ የአየር ከረጢት መሙላት ብልህነት ነው። ጥሩ የእጅ ፓምፕ በአንድ ስበት ግማሽ ሊትር ያህል ያወጣል። 100 ሊትር ከገባ 200 ስበት ነው፤ 30 ሊትሩን ቦታ ፎም ከያዘው 60 ስበት ይቀነስልዎታል። በማዕበል መሃል 60 ስበት ብዙ ነው።

ፊሽካ፣ ውሃ በማያስገባ መያዣ ያለ ስልክ ወይም ሬዲዮ፣ የምልክት መብራት፣ እነዚህ የጀልባው ጭነት አይደሉም። በሚለብሱት ተንሳፋፊ ጃኬት ኪስ ውስጥ ይሁኑ። ከጀልባው ቢለያዩ እጅዎ ላይ የሚቀረው የለበሱት ብቻ ነው።

ሆን ብሎ መገልበጥ

ሁሉም ተጭኖ ሲያልቅ፣ ከመነሣትዎ በፊት ባለ አንድ ቀን፣ ሙቀት ባለውና ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ፣ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰው፣ አንድ ጓደኛ አጠገብዎ ቆሞ ጀልባውን ይገልብጡት። የተጫነ ካያክ ከባዶው የተለየ እንስሳ ነው፦ ረግቶ ይቀመጣል፣ ቶሎ አይነሣም፣ ከተነሣ በኋላም ቶሎ አይቆምም፤ ከተገለበጠ ደግሞ መልሶ ለመገልበጥ ጉልበት ይጠይቃል። ጓደኛ አፍንጫውን ብድግ አድርጎ ውሃውን የሚያፈስበት የተለመደው ዘዴ ከባድ ጭነት ሲኖር ወገብን ይጎዳል። ጫፉን በጎን ዘንበል አድርጎ በከፊል ማፍሰስና የቀረውን በፓምፕ ማውጣት ይሻላል።

ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ጀልባው በውሃ ተሞልቶ ሳለ አግድም ይቆማል ወይስ አንዱ ጫፉ ይሰምጣል? ሁለተኛ፣ ውስጡ ሲቀመጡ የመቀመጫው ጠርዝ ከውሃው በላይ ነው? ሦስተኛ፣ ወደ ዳርቻ ተመልሰው ክፍሎቹን ሲከፍቱ ምን ያህል ውሃ አገኙ? አንድ ብርጭቆ ያህል ከሆነ በስፖንጅ ይጠረጋል። ከዚያ ከበለጠ ግን ወደ ጋዜጣው ፈተና ይመለሱ። በረጅሙ ክፍል ውስጥ ያለ ጥቂት ሊትር ውሃ ክብደቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ጀልባው ባዘነበለበት በኩል ሁሉ እየሮጠ ማዘንበሉን ያባብሰዋል።

ፈተናውን ጨክነው መቀጠል ከፈለጉ አንዱን ክዳን ከፍተው ዳግመኛ ይገልብጡት። ዕቃው ሁሉ በቦታው ከቀረና ጀልባው ከተቀዘፈ አጫጫንዎ ትክክል ነው።

በጉዞ ላይ

ጭነቱ በየቀኑ ይለወጣል። ምግቡና ውሃው ሲያልቅ የሚከፈተው ክፍተት በአየር ይተካ፤ ባዶ የሆነውን የውሃ ከረጢት ነፍተው መዝጋት ቀላሉ መንገድ ነው። ከኋላ ክፍል ብዙ ከተበላ ሚዛኑ ወደ ፊት ስለሚሄድ ጠዋት ጠዋት አንድ ሁለት ቦርሳ ማዘዋወር ያስፈልጋል። ከፊትም ከኋላም እኩል የሚበላበትን ዝርዝር ከመነሻው ማሰብ ይቻላል፤ ሆኖም አብሳዩ የሚያበስለውን ሲፈልግ ዝርዝር የሚያከብር ተጓዥ አላየሁም።

ከጥገና ዕቃዎ ውስጥ ሰፊ ውሃ የማያስገባ ፕላስተር አይጥፋ። የሚጣበቀው በደረቀ የጀልባ አካል ላይ ብቻ ስለሆነ አንድ ደረቅ ጨርቅ አብሮት ይታሸግ። ክዳን ቢጠፋ ወፍራም ፕላስቲክ በመክፈቻው ላይ ወጥረው በላስቲክ ገመድ ዙሪያውን ማሰር እስከ ቅርቡ ዳርቻ ያደርሳል፤ ክፍሉ ውስጥ ከረጢትዎ ተነፍቶ ካለ እዚያ ለመድረስ መጣደፍም አያስፈልግም።

ሌሊት ጀልባው ዳርቻ ላይ ሲያድር ክዳኖቹን ዘግተው፣ የአየር ከረጢቶቹን ግን ግማሽ አስተንፍሰው ይተዉ። ቤት ሲደርሱ ሁሉንም አውጥተው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ ከፀሐይ ርቆ በጥላ ያድርቁ። ክዳኖቹንም ሳይገጥሙ ላላ አድርገው ያስቀምጡ፤ ለወራት ተወጥሮ የቆየ ላስቲክ ቅርጹን ያጣል።